እሾህ የተባለው ፊደል

ጤዛው ከሣሩ ላይ ገና ሳይረግፍ፣
ኦርቪል ታገርት መጣ፣ መስታወት በብብቱ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ።
ኢፕስዊች ነው ቦታው፤ ቁልቁል ባሕር አለ፣
ሽቅብ የሙታን ሰፈር፣ ድንጋዩ ያዘመመ፣ ሽበት የበቀለ።

የከተማው ጽሕፈት ቤት በሰዓት ይከፍለኛል፤
ዝናብ ሳይቀድመው እጄ ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ ሲለቅም ይውላል።
ኦርቪል መስታወቱን ያዘነብላል፣
ፀሐይ በጎን ስትገባ የጠፋው ፊደል ጥላ ያበቅላል።

አንዲት ድንጋይ አለች፣ ከጉልበቴ በታች፣
ክንፍ ያለው የራስ ቅል ከግንባሯ ያፈጠጠ፤
ከሥሩ ሁለት ፊደል፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዷ በራሱ ላይ እንደ ዝንብ ያረፈች።
እኔም አነበብኩት አፌ እንዳመጣልኝ፤
«የ» አልኩና ቆምኩ። «የማን?» የሚል ጥያቄ ከምላሴ ሥር ወጋኝ።
በኛ ቤት «የ» ካለ ባለቤት ይከተላል፤
የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ማሳ። ብቻውን የቀረ «የ» ማን አይቶ ያውቃል?

ኦርቪል ሳቀ፣ ዘይት እንደጠማው ማጠፊያ።
«ዓይንሽ አልተሳሳተም፣ አፍሽ ነው» አለኝ፤ «‹ዘ› ብለሽ አንብቢው።
እንግሊዝኛ ድሮ አንድ ፊደል ነበረው፣ ስሙ እሾህ፣
ምላስ በጥርስ መሐል ሾልኮ የሚነፋው።
ማተሚያው ከባሕር ማዶ መጣ፣ የእርሳስ ፊደል በሣጥን ይዞ፤
ሣጥኑ ቢበረበር እሾህ የለበትም።
ሠራተኛው ምን ያድርግ፣ ቀኑ መሽቶበት?
መልኩ የሚቀርበውን አንሥቶ በእሾህ ወንበር አስቀመጠበት፤
ዋይን።»

ዋይ! እኛ ለለቅሶ ያዋልነውን ቃል
እነሱ ፊደል አድርገው ከመቃብር ላይ ቀርጸውታል።

መንገዱን ተሻግሮ የሻማ መደብር አለ፤
ሰሌዳው በወርቅ ቀለም፣ በዚያው ዋይ የጀመረ፣ አምና የተሳለ።
ወይዘሮ ክላውሰን «ዪ» ትለዋለች፣ ጥርሷን ገልጣ፤
እንግዳ ፎቶ ያነሣል፤ እርጅና በባልዲ ተቀብታ ስትሸጥ ደስ ይለዋል።
ኦርቪል በዚያ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርጋል።

ደግሞ ከግንቡ ጥግ ሌላ ድንጋይ፣
ያው ዋይ፣ ያቺው ትንሽ፣ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው፤
«ይሄስ?» አልኩት። «ይሄ እሾህ አያውቅም፣ ‹እናንተ› ማለት ነው።
እናንተ አላፊዎች፣ ቁሙና እዩኝ ይላል።»
ቆምን። አየነው። ነፋሱ ግን አልቆመም።

በምሳ ሰዓት የኛን ጉድ ነገርኩት፣
ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎቻችንን፣ ንጉሡ ሠን፣ እሳቱ ሰን።
«ለምን አትጥሏቸውም?» አለ፣ ዳቦውን እየገመጠ።
«የሚጥል ሞልቷል» አልኩት፤
«ግን በንጉሡ ሠ ፀሐይ ሠረቀ፣
በእሳቱ ሰ ሌባ ሰረቀ፤
ብትጥለው ሌባውና ፀሐዩ ባንድ በር ይገባሉ።»
ማኘኩን ተወ። «እሾኻችሁን ጠብቁ» አለ።

ከዚያ ነው የደነገጥኩት፣ ውኃ እየጠጣሁ፤
«ዘ» እኮ የግዕዝ ነው!
ግዕዝ «ዘ» ያለውን አማርኛ «የ» ብሎ ወርሶታል፤
የዚህ ድንጋይ ጠራቢ ደግሞ «የ» ቀርጾ «ዘ» ብሎ አንብቦታል።
ዝምድና የላቸውም፣ አውቃለሁ፤
ሁለት መንገደኞች ናቸው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ
ድልድይ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተነካኩ።

መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው፤
«እንደተጻፈው»፣ «እንደሚነበበው»።
በመጀመሪያው ዋይዋን ከነዝንቧ ገለበጥኩ።
ቀጥሎ ስሟን፦ ቴምፐራንስ ዶው፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።
በሁለተኛው «ዘ»ን በነሱ ፊደል ልጽፍ ነበር፣
እጄ ግን በኛው ፊደል «የ» ብሎ ጻፈ፣ ከስሟ ጋር አጣብቆ፤
የቴምፐራንስ።
ኦርቪል አየ። ላጲስ ከኪሱ አወጣ፣
መልሶ ከተተው፤
መስታወቱን ወደሚቀጥለው ድንጋይ አዞረ።