ምንም ያልሆነበት ወር

ወር በወጣ ቁጥር ጋሽ ቢሆነኝ ይመጣል፣
ከጠረጴዛዬ ፊት መነጽሩን ያወጣል፤
«እህሳ፣ ትብለጥ፣ በዚህ ወር ምን ሆነ?»
«ምንም» እለዋለሁ። ፊቱ ተከደነ።
«ዘበኛው አለምነው ሌባ ይዟል አንዴ፤
አንቺ በ‹ምንም› ነው ደሞዝ የምትበዪ እንዴ?»

እኔ ምን ልበለው?
ሰሊጥ ከመተማ በጆንያ ይገባል፤
ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ይነፋል።
የኔ እህል ወሬ ነው፤
ካልነፉት ይነቅዛል፣ ካቆዩት ይከፋል።
ባህር ዳር ካለች ሴት፣ የባንክ በር ጠባቂ፣
ናይሮቢ ካለ ልጅ፣ የማሽን ቋንቋ አዋቂ፣
ሌሊት ሌሊት ይደርሰኛል ቅንጥብጣቢ ቃል፦
«ይህ አድራሻ ሌባ ነው»፣ «ይህ ፋይል ይነክሳል»፣
«ይህ ስም ትናንት ሞቶ ዛሬ ሌላ ለብሷል»።
እነፋዋለሁ።
ግማሹ ገለባ፣ የፈሪ ጩኸት፣ የሻጭ ማስፈራሪያ፤
እፍኝ ነው የሚቀረኝ፣ ለነገ መጠርጠሪያ።

ከመስኮቴ ማዶ የነገሥታቱ ግቢ አለ፣
በሩ ሁሉ በስም በስሙ የተባለ፦
ፊት በር፣ ራስ በር፣ እርግብ በር፣ እምቢልታ በር።
የኛም ሰርቨር በር አለው፤ ስሙ ግን ቁጥር፤
ዘግቻለሁ ብዙውን።
«ሁሉም ተዘግቷል» ሲሉኝ ግን አስባለሁ አንዱን፣
አደናግር በርን።
ፈታዮች ነበሩ አሉ ያኔ የሚገቡበት፤
ዛሬ የሚፈተለው ቃል ነው፣ ሰው የሚደናገርበት።

ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ቀሃ ሞልቶ ሲያጓራ
ባህር ዳር ያለችው ሴት ጻፈች፦ «እወቂ፣ አደራ፤
የመርከብ ወኪል ነኝ የሚል ደብዳቤ ደርሶናል፤
‹የባንክ ሂሳቤ ተቀይሯል› ይላል፤ ፊርማውም ይመስላል፤
ካድራሻው ላይ ግን አንዲት ነጥብ ጎድላለች።»
ያቺን ነጥብ ያዝኩ። ለፈንታነሽ፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋ፣
በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩላት ከራስጌዋ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደብዳቤው ከች አለ።
«ከጅቡቲ ነኝ» ይላል።
«አልዋሸም» አለች ፈንታነሽ፣ ሳቋ እያመለጣት፤
«የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ነው የጨመራት።»
ጅብ ከማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ብሏል ጥንት፤
እኛ ግን ኮቴውን ሰምተናል፣ ከሁለት ቀን በፊት።

ከመንገዱ ማዶ የአቶ አያልሰው ድርጅት አለ፤ እነሱም ሰሊጥ ነው።
«ልንገራቸው?» ብዬ ጋሽ ቢሆነኝን ጠየቅሁት።
«ለተፎካካሪ? ገበያ ነው፣ ትብለጥ፤ ተይው።» ተውኩት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ገንዘብ ያዣቸውን፣ ማንደፍሮን፣ አየሁት፤
ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን እያየ።
የአራት መኪና ጭነት ዋጋ ነው አሉ፣ በጣቱ የላከው።
ፖሊስ መጣ። ባንክ ተደወለ። ጠበቃ ተጠራ።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልኩ በሆዴ፤
ውሻውስ እኔ ነኝ፤
ያውም ሽታውን ቀድሜ የማውቀው፣ ያውም የታሰርኩት በፈቃዴ።

በሳምንቱ ለኛ ደብዳቤ ደረሰን ከማንደፍሮ አድራሻ፣
ነጥቡ ሳይጎድል፣ ፊደሉ ሳይታመም።
ጅቡ ጎረቤት ገብቶ፣ በጎረቤት ድምፅ ተጣራ።
ስንት በር ዘግቼ፣
የጎረቤትን በር በር አልነው አላውቅም።

ዝናብ ነበር። ጃንጥላ አልያዝኩም።
መንገዱን ተሻገርኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።
«ይኸን ዝጋ፣ ይኸን ቀይር፣ ይኸን ለባንኩ ንገር» አልኩት፤
«ከዛሬ ወዲያ የሰማሁትን ትሰማለህ።»
ያመጣልኝ ሻይ ቀዘቀዘ። ቀና ብሎ አላየኝም።
ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከእሳት ያዳነው ንብ ነው ይላሉ ሽማግሎቹ፤
አንድ ንብ ነው ያለ ግን አልሰማሁም።

ወር ወጣ። ጋሽ ቢሆነኝ መጣ፤ መነጽሩን አወጣ።
«እህሳ፣ ትብለጥ፣ ምን ሆነ?»
ከመስኮቱ ማዶ ማንደፍሮ መብራቱን አላጠፋም።
«ምንም» አልኩት።
የሁለት ቤት ምንም።