የቧንቧ ሠሪው ሌሊት

አርባ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲከፍት ኖሮ፣
የራሱ ተዘጋ፣ የአዴሊኖ፣ ዘንድሮ።
ሦስት ቀን አማጠ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ።

ኮይምብራ ሆስፒታል፣ ሐኪሟ ሥዕል ሣለች፤
"ፕሮስቴቱ አብጦ መንገዱን ዘጋ" አለች፤
"ካንሰሩን አልነቅልም፣ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤
ለሽንቱ ግን መውጫ፣ ቱቦ ይበቃዋል።"

ስንት ወር ቀረኝ ብሎ አልጠየቃትም።
የቱቦውን ውፍረት ጠየቀ፣
ጎማ ይሁን ሲሊኮን፣
በየስንት ሳምንቱ እንደሚቀየር።
"እኔ የምገጥመው ይበልጥ ይቆያል" አለና ሳቀ።

ማታ ከረጢቱን ከአልጋው እግር አሰርኩ፤
ጠብ፣ ጠብ ሲል ነቅቼ እስኪነጋ ቆጠርኩ።
ድሮ ይህን ድምፅ ስሰማ
በክርኔ ጎኑን ነካ አድርጌ
"ተነሣ፣ የሆነ ቦታ ያፈስሳል" እለው ነበር።
ዛሬ ይተኛ።
ይፍሰስ።