ያልተሰመረ ዓምድ

ከቡሬ ገበያ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ኑግ ሳስጨምቅ ውዬ፣ ወር አልቆ ወር ሲገባ፣
መዝገቤን ዘርግቼ፣ ካልኩሌተር ይዤ፣
ከመጭመቂያው ደጃፍ ተቀመጥሁ ፈዝዤ።

«ከመቶ ሰባቱ ከናንተ ነው፤ ዐሥራ አንዱ ከኔ፤
ለኪሴ እንዳይመስላችሁ፤ ምስክሬ መድኃኔ!
ለጡረታችሁ ነው፤ ለሽበት፣ ለምርኩዝ።»

አንማው እጁን ጠረገ፣ ፋጉሎ ያጠቆረውን፤
አየ ጣሪያ ጣሪያውን።
«እትዬ ይርገዱ፣ ልጠይቅሽ አንድ ነገር፤
ሽበቴ ሳይመጣ መኪናው ቢሰበር፣
ኑጉ ካቸፈር ቢቀር፣ መንገዱ ቢዘጋ፣
‹ሂድ› ያልሽኝ ለት፣ ክረምቱ እስኪነጋ
የትኛው መቶኛ ነው የሚያድር ከኔ ጋ?»

ቅጹን ገለበጥሁት።
ስም አለ፣ ደመወዝ አለ፣ የሥራ ግብር አለ፤
ለሸበተ አለ፣ ለሞተም አለ፤
ጉልበቱ ሳይደክም ሥራ ለራቀው ሰው
አንድ ዓምድ የለ።

ሰኞ ገቢዎች ሄድሁ። ልጁ ፈገግ አለ፤
«በሌላ አገር አለ ይላሉ፤ አሠሪው የሚከፍለው፣
ሥራ ያጣ የሚበላው፤
እኛ ዘንድ ገና ነው።»
ማኅተሙን መታልኝ፤ ቀኑን ግን ሳተው።

ማታ በደብተሬ እኔው በእርሳስ አሰመርሁ፤
«የክረምት» ብዬ ስም አወጣሁ፤
ካንማው ስም ትይዩ መቶ ብር ጻፍሁ፤
የመብራቱን ዕዳ አሰብሁና ላጲስ ፈለግሁ፤
ሃምሳ አልሁ። አጠፋሁ። ሰባ አልሁ።

ሦስተኛ ወሩ ነው ይኸው፤
ቁጥሩ አልጸና አለኝ፤ ወረቀቱ ግን ሳሳ፤
ወደ መብራት ሳነሣው
በስተጀርባው
የሚመጣው ወር ይታያል።