የነጠረው አምድ

ፒያሳ ሲኒማ ቤት፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣
ስሙኒ ከፍለን ገባን፣ የጥንት ከተማ ልናይ።
ፊልሙ ካስመራ መጥቷል፣ ሊማሊሞን ዞሮ፣
አቧራ እየጠጣ፣ ካውቶቡስ ጣራ ታስሮ።
እኔ ኖራ አቡኪ፣ ያሥራ አምስት ዓመት ልጅ፤
አለቃዬ አዛናው፣ የግንብ ጠጋኝ እጅ።
«ና» አለኝ፣ «ሮማውያን እንዴት እንደሠሩ፣
እንይ ድንጋያቸውን በምን እንደደረደሩ።»

መብራቱ ጠፋ።
ሸራው በራ።
መለከቱ እንደ ኮርማ ጆሯችን ላይ ሲያጓራ፣
ሺህ ፈረስ፣ ሺህ ጋሻ፣ ሺህ ቀይ ካባ፣
ንግሥቲቱ ባንበሳ ሰረገላ ስትገባ፣
ጥርሷ የበረዶ፣ ዓይኗ ኩል የጠገበ፣
ከኋላዬ አንዱ «ኧረ እናቴ!» ብሎ አጨበጨበ።

ቋንቋው እንግሊዝኛ፤ የሚሰማው ማነው?
መሪጌታ ጥሩነህ ከፊት ወንበር ቆመው
ይተረጉሙልናል፤ ያልገባቸውን ቃል
ከስንክሳር ቢሞሉት ማን ይከሳቸዋል?
«ይኸው ዲዮቅልጥያኖስ፣ የሰማዕታት አራጅ!»
ሲሉ፣ ሰው በሞላ ጮኸበት እንደ አዋጅ።
ኋላ እንደተረዳሁት የወይን ነጋዴ ነው፤
ያን ሁሉ ስድብ ግን ጸጥ ብሎ ሰማው።

ከዚያ ምድር ራደ፤ ቤተ ጣዖቱ ተሰነጠቀ፤
እሳት ከሰማይ ወርዶ ሰው እንደ ጉንዳን አለቀ፤
አሥር ሰው የማያቅፈው፣ ዋርካ የሚያህል አምድ፣
ተገንድሶ ወደቀ፣ ከመደቡ ሲወርድ፣
ወደቀና...

ነጠረ።

እንደ ጨርቅ ኳስ። ሁለቴ።
ሰው ሁሉ በድንጋጤ አፉን ይዞ ሳለ፣
አዛናው ብቻውን ወንበሩን ያዘለለ፣
እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እስኪታፈን፣ እስኪታነቅ።
«ይሄን የሠራው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የማያውቅ!
ጭድ ነው! ወረቀት ነው! ቀለም ነው የቀባው!»
ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ትኬት ቆራጯ፣ ባትሪ አበራችበት፤
«ሰው እያለቀ ይስቃሉ?» ብላ ተቆጣችበት።

በቃው ስል፣ በነጋው፣ እሑድ ማታ መጣ፤
ሰኞም። ማክሰኞም። ስሙኒውን አወጣ።
ረቡዕ የኔንም ከፈለ፣ ከደሞዜ ሳይቆርጥ፣
(አሮጌ ሚስማር አቅንቶ ዳግም የሚያገላብጥ!)
መሪጌታም ታከቱ፤ ነጋዴውን ማክሰኞ
ጲላጦስ አደረጉት፤ ሄሮድስ ነበር ሰኞ።

ያን ለት ግን አምዱ ሲወድቅ አዛናው አልሳቀም።
ከንፈሩን ነክሶ አየ፤ ዓይኑን አልነቀለም።

ስንወጣ ጨረቃ ነው፤ ፋሲል ግቢ ጠቁሮ፣
ሰባት ወር የለፋንበት ስንጥቅ ወደኛ ዞሮ።
መዳፉን ግንቡ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«አያቴ ይህን ጠገነ። አባቴም ይህን ጠገነ።
እኔም ይኸው፤ ክረምት መጣ፣ የጠገንኩት ባከነ።
አንዲት ድንጋይ ብትወድቅ ሦስት ሰው ነው የሚያነሳት፤
ኖራው አርባ ቀን ይተኛል፣ ውኃ እስኪያስረሳው እሳት።
እዚያስ አየኸው? ከተማው ተቃጥሎ፣ ፈርሶ፣
ነገ ባንድ ሰዓት ይቆማል፣ ያለ ግንበኛ ታድሶ።
ንግሥቲቱ አትሞትም። ያ ነጋዴም አይሞትም።
ውሸት ነው፣ አውቃለሁ፤ እውነት ድንጋይ አይነጥርም።
ግን ወድቆ የሚነሳ ድንጋይ፣ በዕድሜዬ አንዴ ባይ፣
ስሙኒ ይበዛል ወይ?»

ሐሙስ ፊልሙ ሄደ፤ ለባሕር ዳር ተጫነ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከመወጣጫው ጫፍ፣
አዛናው ዙሪያውን አይቶ፣ ማንም እንደሌለ አውቆ፣
አንዲት ጠጠር ለቀቀ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ጠብቆ።

ቧ።

ትንሽ ቆየ።
«ኖራ አምጣ» አለኝ።