የማዕቂሉ አሞሌ

ሆዷ ገና ሳይበርድ፣ የሌሊት ላቧ ሳይደርቅ፣
በጠባቧ በር እገባለሁ፣ ጎኔ በብረት ሲፋቅ።
አንድ ትከሻ አስቀድሜ፣ ሁለተኛውን አጥፌ፣
የመዶሻ እጀታ ነክሼ፣ ኩራዜን በደረቴ አቅፌ።

«ትንሽ ነህ፣ ትሆነናለህ» አለኝ ጉርባቻን፣ አለቃው።
ለገሃር፣ ድሬዳዋ፣ ስምንት ዓመት ምን ሠራህ ብሎ አልጠየቀኝ፤
ከፉጨቷ ብቻ የባቡርን ሕመም እንደምለይ አላወቀኝ።
ቁመቴን በዓይኑ ለክቶ ሳቀ።
ቁመቴ ነው የተቀጠረው።

ከባስራ ከፍ ብሎ ነው ማዕቂል፣ ሐዲዱ ከቴምሩ የሚገባበት፣
ሰላጤው በቀን ሁለቴ ወንዙን ወደ ኋላ የሚገፋበት።
ሽቅብ ይዞት የመጣውን በየቦዩ ጥሎ ይሄዳል፤
ያንኑ ባቡሯ ትጠጣዋለች፣ ደም ሥሯ ላይ ይጋገራል።

እመታለሁ። ይረግፋል። እመታለሁ። ጆሮዬ ይደነቁራል።
ነጩ ቅርፊት በአንገቴ ገብቶ ወገቤ ላይ ይቀራል።
አንድ ጆንያ ሞላ። ሁለት። በገመድ ስበው ያወጡታል፤
ከአመዱ ጉድጓድ አጠገብ፣ ዞር ብለው ሳያዩ ይደፉታል።

ቅድመ አያቴ ቢያይ!
ከአርሆ እስከ ሰቆጣ ገበያ ከግመል ኋላ ተጎትቶ፣
አንዷን አሞሌ፣ ጫፏ እንዳይሸረፍ፣ በገለባ ጠቅልሎ፣
እንደ ሕፃን ያዘላት ሰው፣
የልጅ ልጅ ልጁ ገንዘቡን በመዶሻ ሰባብሮ ሲጥለው።

ይህን ለዓብዱልዛህራ ነገርኩት፣ ለፉርጎ አያያዡ፣
ከውኃ ጋኑ ጥላ ሥር፣ ቴምር ስንቋደስ።
«ጨው ገንዘብ ነበር?» አለና ሳቀ፤
ሸሚዙ ላይ የደረቀውን ነጭ ላብ በጥፍሩ ፋቀ፤
«እንግዲያማ ሀብታም ነኝ» አለ፤ «በል፣ ዘርዝርልኝ።»

በነሐሴ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ሁለት ፉርጎ ሊያቆላልፍ ገባ።
ባንዲራውን አውለበለበ። እንፋሎት ነበር በመካከል።
ነጂው አላየም።
ሦስት ጣት። የቀኝ እጁ።
ጉርባቻን ስሙን ከመዝገቡ በቀይ ሰረዘው፤
ከሰዓት በኋላ አንድ የዙበይር ልጅ ቦታውን ያዘው።

በደመወዝ ቀን አገኘሁት፣ ከግቢው በር ላይ ቆሞ፣
ሲጋራ በነጠላ ሲሸጥ፣ የቀረች እጁን ዘርግቶ።
ከሆዷ ያወጣሁትን አንድ ሰፊ ነጭ ቅርፊት፣
ቀን ሙሉ በጋዜጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤው ነበር።
«ይኸው አሞሌ» አልኩት፤ «ዝርዝር የለኝም ዛሬ።»

በግራ እጁ ተቀበለኝ። ላሰው። አሰበ። እንደገና ላሰው።
«ወንድሜ» አለ፣ ምራቁን ተፍቶ፣ «ይሄ እኮ ኖራ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት አፌን በሻሽ ጠፍንጌ፣
በጆንያ ስከምረው፣
አንድ ቀን እንኳ በምላሴ ነክቼው አላውቅም ነበር።