ቀለም የነሣሁት

የጦሳ ጉም የቤተ ሙከራውን መስኮት ሲልሰው፣
ከእህቴ ክንድ የቀዳሁትን ደም በብልቃጥ ሳመላልሰው፣
ነጭ ሕዋሷን «ጠላት መጣ» ብዬ ዋሸሁት፤
ተነሣ፣ አበጠ፣ ፊደሉን ሊገለብጥ ተሰናዳ —
ያኔ በአንዲት ጠብታ መድኃኒት ቀለሙን ነሣሁት።

እንደ ቦሩ ሜዳ ደረሳ፣ ሉሁን ታቅፎ፣ ብዕሩ ደርቆ፣
ከቃሉ ወገብ ላይ ቀረ፣ ቀጣዩን ሐርፍ ጠብቆ።

ቆጣሪው ትናንት ስምንት ሺህ ያለው፣ ዛሬ ሁለት መቶ አለ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ይኸው ሕዋስ ነው ኩላሊቷን እንደ ባዳ የደበደበ፤
ይኸው ነው ልጅ ሳለች፣ በኩፍኝ ሌሊት፣ አጥር ሆኖ የከበበ።

ሉባባ ደወለች፦ «ክኒኑን ልዋጠው?»
የደሴ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑ ዝም አለ።
«ዋጪው» አልኩ።
«ጉንፋን የያዘው ሰው ግን አይጠጋሽ።»