ዶቃ

ፀሐይ እንደ ዓይን አፋር እንግዳ
ከደጃፍ ተመለሰች፣ ሳትዘልቅ ወደ ጓዳ።
ታኅሣሥ ነው በኦውሉ፤ ገና ስምንት ሰዓት፣
ባሕሩም ሰማዩም ጠቆሩ ባንድነት።
እኔ ግን ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ
በአጉሊ መነጽር ቁልቁል
አንዲት መንጋጋ አያለሁ፣
ጤፍ የምታህል፣
ከአይጥ ጽንስ የተወሰደች፣ በአሥረኛ ቀኗ።
ጥርስ የላትም ገና፤
ጥርስ የሚባል ወሬም አልደረሳት።

ከላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ ለስላሳ ሥጋ፤
ሁለቱ ግን ያወራሉ፣ ሲመሽም ሲነጋ።
ወሬያቸው ፕሮቲን ነው፤
እሳት ልጫር ብሎ እንደሚመጣ ጎረቤት
ከህዋስ ወደ ህዋስ የሚሻገር በሌሊት።
ሽፋኑ ይጀምራል፦ «እዚህ ጋ ሰብሰብ በል።»
ሥጋው ይሰበሰባል፤ ጥቂት ዝም ይልና
ያንኑ ፍም መልሶ ይልክለታል፦
«ሰማሁ። አሁን አንተ ታጠፍ፣ ወደ እኔ ስመጥ።»
ጥርስ የሚባለው
በዚህ መቀባበል መሐል ነው የሚፀነሰው።
ካንዱ ወገን ቃል ከቀረ
ሌላው ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣
ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይተወዋል፤
ድድም በሩን ይዘጋል።

ከመልእክተኞቹ አንዱን ጃርት ብለው ሰይመውታል።
ለአባቴ ስነግረው
«በአፌ ውስጥ ጃርት ነበር?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።
ሲስቅ ያፏጫል፤
በላይኛው ድዱ ግራና ቀኝ ሁለት መስኮት አለ፣
ያልወለቀ፣ ያልተነቀለ፣
ከመጀመሪያውም ያልበቀለ።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ሆድ እያረረ የሚስቅ፤
ለአባቴ ለኤይኖ
ባዳውም አልመጣለት።
እኔ ልጁ ኬርቱ፣ አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ
አንዲት የወተት ጥርስ ዛሬም አለችኝ፣
ተረካቢ አጥታ ዘብ እንደቆመች፣
ማንም «በቃሽ» ሳይላት።

ዛሬ የሠራሁት ሥራ ሲወራ ቀላል ነው፦
ዶቃ አስቀመጥሁ።
ዶቃዋ አትናገርም፤ ሥራዋ ማፈን ነው፣
ቃሉን ከጆሮ ሳይደርስ አየር ላይ መቅለብ።
ከመንጋጋዋ ፊት፣ የፊት ጥርስ ከሚበቅልበት፣
በቀጭን መርፌ ገፋ አድርጌ ተከልኋት።
እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
ሦስቱን አበላሸሁ።
አራተኛዋን
ባልደረባዬ ፔንቲ ትንፋሹን ውጦ ሲያይልኝ
አስገባሁ።
(ፔንቲ ከጫጩት ጋር ነው የሚውለው።
ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይሉ የለ፤
እርሱ ግን ይምላል፦
«የጠፋውን ቃል መልሰሽ ብትሰጪያት
ምንቃሯ ጥርስ ያልማል።»)

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣
በሌላ አይጥ ኩላሊት ቆዳ ሥር ተሸሽጋ ያደገችውን
ከፍተን አየናት።
እንደ መሮ የሰላ ጥርስ ይወጣል ያልንበት ቦታ
ጉብታ፣ ሸለቆ፣ ጉብታ፤
የሚፈጭ ጥርስ፣ የኋላ ጥርስ፣ ከፊት ተቀምጦ።
ማንም አልጨበጨበም። ፔንቲ ብቻ
«ወፍጮ» አለ ቀስ ብሎ።
ይህ ሁሉ አንድ ቃል ስለታፈነ።

ጥር ላይ፣ እሑድ ቀን፣ በረዶው ሲጠና፣
አባቴ መረቡን ከቀዳዳው ሲጎትት ደረስሁ።
ነገርሁት።
«ለእኔስ ዶቃ የለሽም?» አለ እያፏጨ።
«ሰባ አራት ዓመት ዘገየህ» አልሁት፣
«ከዚያም ላይ ወራት አሉ።»
ራሱን ነቀነቀ።
መረቡ ላይ ሀውኪ ተይዛለች፣
ያች ረጅም አፍ አሣ፣ እስከ ላንቃዋ ጥርስ፣
ምላሷ ላይ እንኳ ጥርስ፤
ጓንቱን ነክሳ አልለቅ አለች።
አባቴ መንጋጋዋን ፈልቅቆ ትክ ብሎ አያት፤
«ለዚችስ» አለ፣
«ማነው እንዲህ አብዝቶ የነገራት?»